ለከርሞ ምን ተሳላችሁ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በየካቲት 2017 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ጁላይ 12 በየዓመቱ «ዓለም አቀፍ የተስፋ ቀን» ሆኖ ይከበር ብሏል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 መሆኑ ነው። ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቀኑ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መሆኑ ነበር። የሰኔ ጾም የሚፈታበት፣ ክረምቱ የከበደበት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ የሰው ጫማ ነጥቆ የሚሄድበት ሰሞን። ተስፋን በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ማክበር ድፍረት ይጠይቃል። ይሁን፤ ኒው ዮርክ ያኔ በጋ ነው።

ግን ጎበዝ፣ እኛ የተስፋ ቀን አጥተን ነው ከዚያ ማዶ ቀን የሚቆረጥልን? አንድ የቆየ ቀን አለን እኮ። ግንቦት 1፣ ልደታ።

ልደታ በሕዝብ በዓላት አዋጅ ውስጥ ስሟ የለም። መሥሪያ ቤት አይዘጋላትም፤ ባንክ አይዘጋላትም፤ መድፍ አይተኮስላትም፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ባለሥልጣን በቴሌቪዥን አይቀርብላትም። ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ ታከብራታለች፤ ማኅሌቱ ይቆማል፣ ቅዳሴው ይቀደሳል። ከቅዳሴ መልስ በየግቢው በር ላይ የሚጣደው የንፍሮ ብረት ድስት ግን በየትኛውም ግጻዌ አልተጻፈም። እንዲያውም ሰባኪዎች በየዓመቱ ይቆጡበታል። ንፍሮ መርጨት ምንድን ነው፣ ዛፍ ቅቤ መቀባት ምንድን ነው፣ አድባር ምን ትሠራለች ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በገጠሩም በከተማውም ከልደታ ጋር ተጣብቆ የኖረ፣ ከክርስትናው የሚቀድም የሚመስል ነገር አለ። ስለዚህ ይህቺ በዓል ሁለት ጊዜ ሕገ ወጥ ናት ማለት ይቻላል፤ መንግሥት አያውቃትም፣ ካህኑ ደግሞ ግማሿን ብቻ ነው የሚያውቃት። ሌላው ግማሽ የእናቶች ነው።

የተስፋ ቀን ናት ስል ዝም ብዬ አይደለም። ታሪኩን ያዙልኝ። ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ያረጁ፣ ሰው «መካኖች» እያለ የሚሳለቅባቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ልጅ ብትሰጠን ለቤተ መቅደስህ እንሰጣለን ብለው ተሳሉ። ሐና ፀነሰች። የአገራችን ትውፊት እንደሚለው ክፉዎች ስለተነሱባቸው ወደ ሊባኖስ ተራራ ሸሹ፤ ልጅቱም እዚያው ሜዳ ላይ ተወለደች። ዛሬ ከቤት ወጥተን ደጅ የምንሰበሰበው፣ ንፍሮ የምንቀቅለው ለዚህ ነው ይባላል። በተራራ ላይ ወፍጮም ምጣድም አልነበረምና ያገኙትን ጥሬ ቀቅለው በሉ። የበዓሉ መነሻ እንግዲህ ስለት ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የገባው ውል።

ባላገሩ ዘንድ ሌላም ነገር ይታከልበታል። ግንቦት ጎተራው ሊሟጠጥ የተቃረበበት፣ ክረምቱ ገና ቃሉን ያልሰጠበት ወር ነው። ሰማይ ይታያል፣ ደመና ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ስንዴውንም ባቄላውንም ሽምብራውንም ሳይፈጩ ሳይከኩ እንዳለ ቀቅሎ ለመንገደኛ ሁሉ ማዘገን ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው እህል ሰፍሮ ያደረ ሰው ነው። ሊዘራ ይችል የነበረ እህል ነው እኮ። አበላለቹን ያየ «እነዚህ ሰዎች ክረምቱ እንደሚመጣ ከማን ሰሙ?» ሊል ይችላል።

አሁን ይኼን ሁሉ ይዤ ወደ ውቤ በረሃ ልግባ፤ እኔ የማውቃት ልደታ የዚያ ሠፈር ናትና።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ በአንድ ወቅት፣ ኋላ ንግሥት የሆኑት የዘውዲቱ ምኒልክ ባለቤት ከነበሩት። «በረሃ» የሚለውን የጨመረው ሌሊቱ ነው። የጠጅ ቤቱ፣ የአዝማሪው፣ የቡና ቤቱ ሌሊት። የገባ የማይወጣበት፣ ደመወዝ በአንድ ምሽት የሚደርቅበት። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው በዚሁ ሠፈር ላይ ነው። ርዕሱ ብቻ ስለ ሠፈሩ ይናገራል። ከዚያው ከአራዳ ጉያ፣ ከማዕከላዊ እስር ቤት ደግሞ ሌላ ርዕስ ወጥቷል፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ላይ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ጸሐፊዎቹ ተመካክረው ርዕስ የተከፋፈሉ ይመስላል። አንዱ አይነጋም ሲል ሌላው ነገ አለ ይላል። ሁለቱንም በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ውስጥ ማግኘት የሚቻለው አራዳ ብቻ ነው።

የደርግ ሰዓት እላፊ ያንን ሌሊት አጠፋው። መብራቱ ሲጠፋ ግን ሰዉ አልጠፋም። ከቡና ቤቶቹ ሴቶች አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፣ እዚያው አረጁ፣ የሠፈር እናት ሆኑ። ሌት የማይነጋበት የተባለው ሠፈር ግንቦት 1 ማለዳ ከማንም ቀድሞ ጭስ የሚያወጣው በእነዚህ እናቶች እጅ ነበር።

እኔ በማውቀው ግቢ አሥራ አንድ በር ነበር፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ። ልደታ ስትደርስ መዋጮው በሳንቲም ይሰበሰባል። የሌለው አንድ ጣሳ ባቄላ ይዞ ይመጣል፤ ያም የሌለው እንጨት ይፈልጣል። ቄጤማው ከበሩ እስከ መንገዱ ይጎዘጎዛል። ከንፍሮው መጀመሪያ አንድ እፍኝ ወደ ላይ ይበተናል፤ ለማን እንደሆነ ጠይቄ አንድ ዓይነት መልስ አግኝቼ አላውቅም። ለእመቤታችን ያሉኝ አሉ፣ ለወፍ ያሉኝ አሉ፣ «ዝም ብለህ ብላ» ያሉኝም አሉ። ከግቢያችን ሁለት በር የሙስሊም ነበር። እነሱም ይወጣሉ፤ ዳቦ ይዘው ይወጣሉ፤ በጉን ብቻ አይነኩም።

ዋናው ነገር የሚመጣው ቡናው ሦስተኛ ሊደርስ ሲል ነው። ስለት ያለበት ይነሳል። ባለፈው ዓመት ልደታ ላይ «ይኼ ከሆነልኝ ይኼን አመጣለሁ» ብሎ በሰው ፊት የተናገረ ሰው፣ ዘንድሮ በዚያው ሰው ፊት ይቆምና ይናገራል። ሆኖለት ከሆነ ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ሲያምረው በጉን ያስረክባል፤ እልልታ ይቀልጣል። ካልሆነለት ደግሞ «ገና ነው» ይላል። ከዚያ የአዲሱ ዓመት ስለት ይከተላል። ይህ እንግዲህ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ምኞቱ ስም አለው፣ የመክፈያ ቀን አለው፣ አሥር አሥራ አምስት ምስክር አለው። ተስፋ ያደረገ ሰው ባለዕዳ ነው።

በ1991 ልደታ፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በጦፈበት ዓመት፣ በግቢያችን ሁለት እናቶች አንድ ዓይነት ስለት ተሳሉ። አንደኛዋ በበሩ ዳር ያለችው ክፍል የሚኖሩት እትዬ ናቸው፤ ሁለተኛዋ በጥጓ ቤት ያሉት። ሁለቱም ልጅ ዘምቶባቸዋል። ሁለቱም በግ ተሳሉ። በ1992 ልደታ ሁለቱም ተነስተው «ገና ነው» አሉ። ልብ በሉ፣ ከዚያች ቀን ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ግንቦት 4፣ ትልቁ ማጥቃት ተጀመረ። በ1993 የበሩ ዳሯ እትዬ ልጅ እያነከሰ መጣ። የጥጓ ቤት እትዬ ልጅ አልመጣም።

እንግዲህ ልደታ ደረሰች። በጉ ታስሯል፤ ግቢው ግን አፉን ይዟል። የበሩ ዳሯ እትዬ ተነስተው ስለታቸውን ሊናገሩ ጀመሩና ድምፃቸው ተዋጠ። እልል ብለን ደስታቸውን እንዳንካፈል፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴት አሉ። ዝም ብለን ደግሞ ስለቱን እንዳናሳንሰው፣ ልጅ ከሞት ተርፎ ነው። እልልታውን የጀመሩት የጥጓ ቤት እትዬ ናቸው። ቁጭ እንዳሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ዘቅዘቅ እንዳጣፉ።

ከዚያ ወዲህ ለራሳቸው ተስለው አያውቁም። ሥራ ያዙ እንጂ። የሌላውን ስለት መያዝ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ማን ለምን፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት እንደተሳለ ከአፋቸው አይጠፋም። «አንቺ፣ ልጄ ማትሪክ ካለፈ ሦስት ዳቦ ብለሽ ነበር፤ ሁለት ነው ያየሁት» ይላሉ። «ጋሼ፣ መጠጡን ከተውኩ ብለው የተሳሉት ይኸው አራተኛ ዓመትዎ ነው፤ ወይ ይተዉት፣ ወይ ስለቱን ይለውጡት» ይላሉ። ይሳቃል። ሰውዬውም ይስቃል፤ ግን ያንን ሳምንት አይጠጣም። እኔ ስለ ተስፋ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ከእሳቸው የበለጠ አሠራሩን ያስረዳኝ ግን የለም። ምኞት ሁሉም ቤት አለ። የሚጠይቅ ሰው ነው የሚታጣው።

አሁን ከዚህ ግቢ ወጥታችሁ ትልልቆቹን የተስፋ በዓሎቻችንን ተመልከቱ። መስከረም 1 ቀን 2000። ከተማው በመብራት አጊጧል፤ ቦሌ መንገድ ላይ የሚሊኒየም አዳራሽ ተሠርቷል፤ ከአሜሪካ ድረስ ዘፋኝ መጥቷል። ያን ሌሊት የነበረው ስሜት የውሸት አልነበረም፤ እኔም ወጥቼ ጮኬያለሁ። አዲሱ ሺህ ዓመት የእኛ ነው ተባለ፤ ዛፍ ትከሉ ተባለ፣ ተተከለ። በመስከረም 2001 ግን ማን ተነስቶ «ባለፈው ዓመት እንዲህ ብለን ነበር፤ ይኼ ሆነ፣ ይኼ ገና ነው» አለ? ከዛፎቹ ስንቱ ጸደቀ ብሎ የዞረ ማን ነው? በዓሉ አለፈ፤ አዳራሹ ለባዛርና ለኮንሰርት ሆነ። አዳራሹን አልወቅስም፤ ሥራ አገኘ።

ወዲህ ወዲህ ደግሞ ለጳጉሜን ቀናት ስም ማውጣት መጥቷል። በ2015 የአገልግሎት ቀን፣ የበጎነት ቀን፣ የአብሮነት ቀን ነበሩን። በ2016 የመሻገር ቀን መጣ፤ የመጨረሻዋ ዕለት ደግሞ «የነገው ቀን» ተባለች። ስሞቹ መልካም ናቸው፤ ጠላት የላቸውም። በጎነትን ማን ይቃወማል? መሻገርንስ? ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ማንም የማይቃወመው ተስፋ ማንንም ባለዕዳ አያደርግም። በየመሥሪያ ቤቱ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ በማግስቱ ባነሩ ይጠቀለላል። የጥጓ ቤት እትዬ እዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ወንበር ቢሰጣቸው የሚጠይቁት ይታወቀኛል። «የትኛው ነገ? ስንት ዳቦ ነበር ያላችሁት?»

ይኼን ስል ግን ልደታን በመስታወት ውስጥ አስቀምጬ ልሳለምላት አይደለም። የራሷ በሽታ አላት።

አንደኛ፣ ድንኳኑ። ቄጤማና በርጩማ ይበቃት የነበረች በዓል ዛሬ ድንኳን ይተከልላታል፣ ስፒከር ይቆምላታል፤ የሠፈር ስም የታተመበት ቲሸርት የሚለብሱም አይቻለሁ። ስፒከሩ ባለበት ስለት አይሰማም፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነው። መዋጮውም ከፍ ብሏል። ድሮ ባቄላ ይዞ የመጣው ጎረቤት ዛሬ የተቆረጠውን ብር ካላመጣ ከኮሚቴው ዝርዝር ላይ ስሙ የለም። ንፍሮ አይከለከልም፤ የሚከለክል ክፉ ሰው የለም። እሱ ራሱ ነው በሩን ዘግቶ የሚውለው። ለድሃ ተብሎ የተቀቀለ ንፍሮ ድሃውን ቤቱ ካስቀመጠው፣ ድስቱ ላይ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ይብሳል። ስለቱ ራሱ ጠቧል። ላለፉት ሃያ ሠላሳ ዓመታት በልደታ የሰማሁትን ስለት ሁሉ ባስታውስ፣ ከግማሽ የሚበልጠው «ይሂድልኝ»፣ «ትሂድልኝ» ነው። ዲቪ ይውጣልኝ፣ ቪዛው ይመታልኝ፣ ዓረብ አገር ያለችው ደህና አሠሪ ትግጠማት። በዚህ አልፈርድም፤ እናት ልጇ የሚበላበትን አገር ብትመኝ ኃጢአት አይደለም። ግን አስቡት፤ የሠፈሩ ትልቁ ተስፋ ከሠፈሩ መውጣት ሆነ። ስለቱ በሰመረ ቁጥር ልደታ ላይ አንድ ወንበር ይጎድላል። በጉ ይመጣል፣ የሚበላው ይቀንሳል።

በአንጻሩ አንድም ዓመት፣ አንድም ሰው ተነስቶ «መጸዳጃው ከተሠራ» ብሎ ሲሳል አልሰማሁም። አሥራ አንድ በር ሰው በአንድ ጉድጓድ ይጠቀማል። ቧንቧው ይፈሳል። የጀርባው ግድግዳ በየክረምቱ አንድ አንድ ቅርጫት ጭቃ ያራግፋል። ይኼ ለምን የስለት ነገር አልሆነም? ምክንያቱ ሰዉ ሰንፎ አይደለም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ እነዚያ ቤቶች የማንም አልነበሩም። የቀበሌ ናቸው፤ ኪራያቸው ለአንድ ማኪያቶ የማይበቃ፤ ጣሪያ ለመቀየር ፈቃድ የሚጠየቅባቸው፤ «ሊፈርስ ነው» እየተባለ አንድ ትውልድ ያረጀባቸው። ሊፈርስ ነው በተባለ ቤት ላይ ማን ምስማር ይመታል? ስለዚህ ተስፋ ወደ ላይና ወደ ውጭ ብቻ ሄደ፤ ወደ ሰማይና ወደ ኤርፖርት። እግራችን ሥር ያለው መሬት ከተስፋ ውጭ ሆነ። ልደታችንን የምወቅስበት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ እርስ በርስ በልጅ ጉዳይ እንጠያየቃለን፣ በጉድጓዱ ጉዳይ ግን የሚጠየቅ አላቆምንም።

በመጨረሻም ፈረሰ። በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያ ሄደች። ሌሎችም ብዙ የአራዳ ግቢዎች ሄዱ፤ የእኛም አንዱ ነበር። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ የአራዳ ሰው ቁም ሣጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ሲወጣ ከረመ። ግንቦት 1 ስትደርስ ፍርስራሹ ገና ተጠርጎ አላለቀም ነበር። በ2015 ልደታ በዚያ ደጅ የተሳለ ሰው ሁሉ፣ ስለቱን የሚያደርስበት ደጅ ሳይኖር ቀኑ ደረሰበት።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ጠግበናል። አንደኛው «ታሪክ ፈረሰ» እያለ የሚያለቅስ ነው። ለዚያ ጣሪያ አላለቅስም፤ ሥሩ ተኝቼ ዝናብ ዘንቦብኛል። ከለቅሶው ብዙው የሚመጣው በዚያ መጸዳጃ ሰልፍ ቆሞ ከማያውቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ የብስክሌት መንገዱንና የመብራቱን ምሰሶ እየቆጠረ የሚያጨበጭብ ነው። መንገዱ ያምራል፤ በማታ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ሁለቱም ግን ስለ ቤቱ ነው የሚያወሩት። የጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም። እርስ በርስ የሚጠያየቁት አሥራ አንድ በሮች ወደ አሥራ አንድ አቅጣጫ ተበተኑ። አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ የዘመድ ቤት። አንዱ አራተኛ ፎቅ፣ አንዱ ምድር ቤት። አንድ ግቢ ሰው ባንድ ብሎክ አድርጎ ማዛወር ከሊፍትና ከፓርኪንግ የበለጠ ምን ወጪ ነበረው? ሲሚንቶ አይጠይቅ፣ ብረት አይጠይቅ። ዝርዝሩን ሲያወጡ አንድ ጥያቄ መጨመር ብቻ ነበር፤ «ልደታን ከማን ጋር ነው የምታከብሩት?» የሚል። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። ከተማ የሚሠራ ሰው ይኼን ጥያቄ ካላወቀ ካሬ ሜትር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ባለፈው ዓመት በአንዱ ኮንዶሚኒየም የልደታን አከባበር አየሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተተክሏል። መዋጮው በቴሌብር ነው የገባው፤ ደረሰኝ አለ፣ ኮሚቴው ታማኝ ነው። ንፍሮው በደንብ በስሏል፣ ጨውም አልጎደለው። በጉም ታርዷል። ሦስተኛው ቡና ሲደርስ ግን ማንም አልተነሳም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ እግር «ስለት የለባችሁም እንዴ?» አልኳት። «አለብኝ እንጂ ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ግን ለማን ነው የምናገረው? ካምና ምን እንዳልኩ የሚያውቅ እዚህ የለም።» አጠገቧ ያሉት የሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ ሰምተው ኖሮ ዞረው አዩዋት። እሳቸውም ሳይኖርባቸው አልቀረም። ሁለቱም ዝም ብለው ፈንድሻ ቆረጠሙ።

ጊዜ ይፈታዋል የሚሉኝ አሉ። አዲስ ጎረቤትም ነገ አሮጌ ይሆናል፤ ውቤ በረሃም ቢሆን በአንድ ጀምበር ጎረቤት አልሆነችም፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ነው። እውነት ነው። ሃያ ዓመት ቢሰጠው መኪና ማቆሚያውም የራሱን ባለ መዝገብ ያፈራል። ለሰባ ዓመት እናት ግን ሃያ ዓመት ቃል ከሰማይ የራቀ ነው። የእሳቸውን ዕዳና የእሳቸውን ምስክር አብሮ ያላዘዋወረ መኪና ዕቃ ብቻ ነው ያጓጓዘው።

የጥጓ ቤት እትዬ የደረሳቸው ከከተማው ዳር፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ መጸዳጃው ግን የራሳቸው ነው፤ ይኼን ለሚጠይቃቸው ሁሉ ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። ዘንድሮ ግንቦት 1 ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንዴት ከረምክ? በል ጊዜ የለኝም፤ ካርድ ነው የሞላሁት። ቤት ከገዛሁ ብለህ የተሳልከው ምን ደረሰ?»

«ገና ነው እትዬ።»

«በል እሺ፤ ገና ነው ብዬ ይዣለሁ። የበሩ ዳር ያሉት ልጃቸው አገባላቸው፤ እልል በል።»

መንገድ ላይ ነበርኩ። ታክሲ ተራ ሰልፍ ውስጥ። እልል ማለቱ አልወጣልኝም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምትመስል ነገር አልኩ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ።

«ይኼ እልልታ ነው?» አሉኝ። «ተወው። ጋሼ መጠጡን ትተዋል፤ በስልክ ነው የነገሩኝ፣ ልጃቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የእነ ሐጂ ቤት የልጅ ልጅ አይተዋል። ባለ አረቄዋ ልጇ እስካሁን አልደወለላትም፤ ገና ነው ብላለች። አንተስ ለከርሞ ምን...»

ካርዳቸው አለቀ። ታክሲው ሳይመጣ መልሼ ደወልኩላቸው፤ መስመሩ ተይዟል። ሌላው ቀድሞኝ ደውሎላቸዋል ማለት ነው።